ከሃያ ጋሻ በታች

አባቴና አክስቴ የተወለዱት አንድ ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት መቼ እንደፈረሰ ግን ተስማምተው አያውቁም። አክስቴ፣ «በ1978 ደርግ ነው ያፈረሰብን፤ ልወልድ እናቴ ቤት መጥቼ ሳለ ወንዶቹ ጣራውን እንዳለ ተሸክመውት ሄዱ» ትላለች። አባቴ ደግሞ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የገባሁት ቤታችን ከፈረሰ በኋላ ነው ይል ነበር። ፋብሪካ የገባው ንጉሡ ሳይወርዱ ነው፤ እናቴ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የሥራ መታወቂያው 1963 ይላል። አንድን ቤት ለማፍረስ የአሥራ አምስት ዓመት ልዩነት ብዙ ነው።

አባቴ በሕይወት እያለ ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ነበር። ሲያርፍ ግን ዕድሩ በቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ጻፉ አለን። ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። የትውልድ ቦታ ላይ ስደርስ ዘመዶቼ ሦስት የተለያየ ስም ነገሩኝ፤ በሦስቱም ስም የሚጠራ ቦታ አሁን የለም። «በቀድሞው ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ አቃቂ አካባቢ ተወለደ» ብዬ አለፍኩ። የሚነበበውን ቆሜ ስሰማ፣ አባቴ የተወለደው በመንገድ ዳር ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

መንደሩ የነበረው ዛሬ ኮዬ ፈጬ ከሚባለው የኮንዶሚኒየም ሰፈር ጥግ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ቤተሰባችን የሚጠራው በቅድመ አያቴ ስም ነው፣ በካሳ የተነሳ እስከ ዛሬ ያልታረቁ ዘመዶችም አሉን። ስለጠፋ ስም እየጻፉ ስሙን መደበቅ የማያምር ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሽማግሌዎቹ እንደገና እንዲሰበሰቡ ምክንያት መሆን አልፈልግም።

ፍለጋውን ከወረቀት ጀመርኩ። ከአብዮቱ በፊት በዚያ ሜዳ የተከፈለ ግብር የሚመዘገበው በባለርስቱ ስም ነው፤ አራሹ ስም አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 31፣ ባለርስቱን አስወግዶ ገበሬ ማኅበር የሚባል ነገር አመጣ። አንድ ማኅበር የሚቋቋመው ቢያንስ 20 ጋሻ በሆነ መሬት ላይ ነው፤ 800 ሄክታር መሆኑ ነው። በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ 20 ጋሻ ማለት በየጉብታው የተበተኑ ብዙ መንደሮች ማለት ነው፤ ክረምት ሜዳው ውኃ ስለሚያቁር ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፍ ያለ ቦታ እየፈለገ ነበር። ማኅበሩ ስም አገኘ፣ ማኅተም አገኘ፣ በኋላም ቀበሌ ሆነ። ከሃያ ጋሻ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ በኋላ በመንግሥት ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ኮዬም ፈጬም የተረፉት ሰፋ ያሉ ስለነበሩ ይመስለኛል።

ለአራሹ መሬት የሰጠውን አዋጅ መክሰሴ አይደለም፤ የእኔ ቤተሰብ ከተጠቀሙት አንዱ ነው። ግን እያንዳንዱ መንግሥት መሬቱን በሚፈልገው ልክ ብቻ ነው ስም የሚያወጣለት። ባለርስቱ በጋሻ፣ ደርግ በማኅበር፣ ከተማው በሳይትና በብሎክ ቁጥር።

ቀጥሎ ካርታ ፈለግሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ተልዕኮ አገሪቱን ከአየር ማንሳት ጀምሮ ነበር፤ በኋላም የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት በአንድ ለሃምሳ ሺህ መጠን የሠራቸው ካርታዎች ወጡ። በእነዚህ ላይ ጎጆ ሁሉ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነው። የእኛን ሜዳ የያዘውን ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ጅረቱን ወዲያው አወቅሁት፤ አባቴ በልጅነቱ ጥጃ ሲያግድ የወደቀበት ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳው ነበረ። ከጅረቱ በላይ ነጥቦች ተሰብስበዋል፤ አጠገባቸው የተጻፈው ስም ግን ከዘመዶቼ አንዱም ያልነገረኝ አራተኛ ስም ነበር።

ይህን የፈቱልኝ ቱሉ ዲምቱ በልጃቸው ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ የአባቴ የልጅነት ጎረቤት ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ የሚወርዱት ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው። የካርታውን ቅጂ ሳሳያቸው መነጽር ፈልገው አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«ይሄ የጉብታው ስም ነው። ካርታ የሚሠሩት ሰዎች መጥተው ‹ይሄ ማን ይባላል?› ብለው በጣት ሲያሳዩ ጉብታውን ነዋ ያሳዩት! እኛ መንደሩን በአያቴ ስም ነበር የምንጠራው። እናንተ በእናንተ አያት። ከታች ያሉት ደግሞ በሌላ። ማን ቀድሞ ቤት እንደሠራ ስንከራከር ነው ያደግነው።»

ስለዚህ ሦስቱም ዘመዶቼ ትክክል ነበሩ። የሦስት ቤተሰብ ሦስት ስም፣ አንድ ጉብታ።

ከዚያ ስለ ዓመተ ምሕረቱ ጠየቅኋቸው። በ1978 ነው ወይስ ከዚያ በፊት?

«የትኛው ማፍረስ?» አሉኝ።

ዝም ስል፣ «ትራክተሩ የመጣ ጊዜ ነው ወይስ መንደር ምሥረታ? አባትህ የሄደው በትራክተሩ ጊዜ ነው። የአንተ ሴት አያት ምጣዷን በነጠላ ጠቅልላ ጅረቱን ተሻገረች» አሉ።

በቤታችን ትራክተር ተነስቶ አያውቅም። ጠይቄም ሰምቼም የማላውቀው ነገር ነው። ታሪኩ ግን በመጻሕፍት የታወቀ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዳ፣ ከዚያም በስዊድን እርዳታ በ1960 በተቋቋመው የጭላሎ የልማት ፕሮጀክት አካባቢ፣ ባለርስቶች እርሻ በመኪና እንደሚያተርፍ አዩ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ከጭሰኛ ሲሶ ወይም እኩሌታ ከመቀበል መሬቱን በትራክተር አርሶ ሁሉንም መውሰድ ተሻለ። የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነትን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሲንከባለል ኖሮ ሳይወጣ ቀረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ የእኔ ወንድ አያት ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሜዳ የሌላ ሰው ሲሶ አራሽ ነበር።

አባባ እንደነገሩኝ ትራክተሩ ከመኸር በኋላ መጣ። ማንም አልተመታም፣ ማንም አልታሰረም። የባለርስቱ ወኪል በየደጁ ቆሞ «እስከ ሚያዝያ ልቀቁ» አለ። ለቀቁ። ከመንደሩ ወጣቶች አንዳንዶቹ ወደ ፋብሪካ ሄዱ፤ አቃቂ ያኔ የባቡር ጣቢያም ፋብሪካም ስለነበራት ጭሰኛው ሁሉ የሚያስባት ቦታ ናት። አያቶቼ ጅረቱን ተሻግረው ዘመድ ዘንድ ተጠጉ። ባለርስቱ ጉብታውንም ሳይቀር አረሰው። በ1967 አዋጁ ሲወጣ ሰው ሁሉ ተመልሶ መጣና መሬቱን በገመድ ለክቶ ተከፋፈለ። ቤታቸውን የሠሩት እዚያው በፊት በነበረበት ነው። «እንዴት አወቃችሁት፣ ታርሶ አልነበረ?» አልኳቸው። ገብሱ ይለያል አሉኝ። በረት የነበረበት መሬት ላይ የሚበቅለው እህል ለዓመታት ከሌላው ይጠቁራል።

ከዚያ 1978 መጣ። የመንደር ምሥረታው በባሌና በሐረርጌ የጀመረ ነው፤ ወደ ሸዋና አርሲ ሲመጣ ግን የአገሪቱ ዋና ዘመቻ ሆነ። በደርግ ዘመን ማብቂያ ከ12 ሚሊዮን በላይ ገበሬ፣ ከገጠሩ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ፣ በመስመር በተሠሩ መንደሮች ገብቶ ነበር። መመሪያው ለአንድ ቤተሰብ 1,000 ካሬ ሜትር ግቢ ይሰጣል፤ ውኃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይከተላል ተባለ። ቤቱን የሚያፈርሰውም የሚሠራውም ገበሬው ራሱ ነው፣ በራሱ እንጨት። የእኛ ሰዎች ሜዳው ላይ ወረዱ፤ በመስመር ለመሥራት ሜዳ ይሻላል። በመጀመሪያው ክረምት መረሬው የቤቶቹን ምሰሶ አዘመመ። አያቴ ከበሯ ወጥታ በግራም በቀኝም የሰው በር ማየት አስጠልቷት እንደነበር አክስቴ ትናገራለች፤ በኦሮምኛ የምትሳደበው ስድብ ለማተሚያ አይሆንም።

የካቲት 26 ቀን 1982 ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብለው ሲያውጁ፣ መንደር ምሥረታው ቀረ ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ማንም ግን ትእዛዝ አልጠበቀም። በአንድ ዓመት ውስጥ መስመሩ እየሳሳ ሄደ፤ ሰው እንጨቱን ነቅሎ ወደ ጉብታው ተመለሰ። ሁለተኛው መመለስ ይህ ነው።

ሦስተኛው መልቀቅ በወረቀት መጣ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ባዶ መሬት ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ከአየር ሲታይ የአቃቂ ሜዳ ባዶ ነው። በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር። ለመሬቱ ካሳ የለም፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ለቤቱና ለዛፉ ይገመታል፣ ለእርሻው ደግሞ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ይባዛል። አጎቴ የተሰጠው የግምት ወረቀት ቅጂው እጄ ላይ አለ። ጤፉ በኩንታል፣ ምስሩና ሽምብራው በኩንታል፣ ባሕር ዛፉ ወፍራምና ቀጭን ተብሎ በቁጥር ሰፍሯል። ጌሾው እንኳ አልተረሳም። ስለ እኛ ሜዳ ከተጻፉት ወረቀቶች ሁሉ የበለጠ ዝርዝር የያዘው እሱ ነው። የቦታው ስም በሚለው መስመር ላይ ቀበሌው ተጽፏል።

ይህን አዋጅ የተካው ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት አሳደገው፤ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሳ ጨመረ። የእኛ ሰዎች ሲነሱ ያ አንቀጽ አልነበረም። ዕድራቸው ግን እስከ ዛሬ አልፈረሰም። አባላቱ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን፣ ከቂሊንጦ በታክሲ እየመጡ ይቀብራሉ፤ ድንኳኑን የሚያኖሩት እዚያው በድሮው መንደር ደብር ግቢ ውስጥ ነው።

ደብሩን ያነሳሁት የኢቅሪትን ታሪክ ሳነብ እሱ ትዝ ስላለኝ ነው። ኢቅሪት በገሊላ ሰሜን፣ በሊባኖስ ድንበር አጠገብ የነበረች የፍልስጤም ክርስቲያኖች መንደር ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ጦርነት የእስራኤል ጦር ነዋሪዎቿን ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው ብሎ አስወጣቸው። ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1951 ከፍተኛው ፍርድ ቤት መመለስ እንደሚችሉ ፈረደላቸው። በዚያው ዓመት፣ በእነሱ የገና ዋዜማ፣ ጦሩ ቤቶቹን በፈንጂ አፈረሰ። የቀሩት ቤተ ክርስቲያኗና መቃብሩ ናቸው። የኋላ ኋላ ሙታናቸውን እዚያ እንዲቀብሩ ተፈቀደ። በሕይወት ሳሉ ያልተፈቀደላቸው አገር ሲሞቱ ይቀበላቸዋል።

የእኛን ከዚያ ጋር እኩል ማድረግ ድፍረት ነው። እኛን ያስነሳን የጦር ሠራዊት አይደለም፤ እኔም ባጃጅ ተሳፍሬ ስፈልግ እሄዳለሁ፣ ማንም የይለፍ ወረቀት አይጠይቀኝም። የሚያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። የታሪክ ምሁሩ ዋሊድ ኻሊዲ በአውሮፓውያኑ 1992 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ በ1948 ነዋሪ አልባ የሆኑ 418 መንደሮችን አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ይህ በከፊል የሆነለት እንግሊዞች በ1945 መንደር በመንደር የሕዝቡን ቁጥርና የመሬቱን ስፋት መዝግበው ስለነበር ነው። የቅኝ ገዢ መዝገብ ለተፈናቃይ ሲጠቅም ማየት የሚገርም ነው። የእኛ ሜዳ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። የካቲት 27 ቀን 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ኮዬ ፈጬም እዚያ ውስጥ ሲገባ፣ በኦሮሚያ ከተሞች ሰው ተቃውሞ ወጣ፤ መሬቱ የከተማው ነው፣ የክልሉ ነው የሚለው ክርክር ወራት ፈጀ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ወገን አዳመጥኩ። የሚከራከሩበት መሬት ላይ እነማን መንደሮች እንደነበሩ ስም ጠርቶ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ ቦታውን ራሴ ላገኘው ወሰንኩ። አክስቴ የሰጠችኝ ምልክት እንዲህ ነበር፦ በማለዳ በሩን ስትከፍት ፀሐይ ከየረር ትወጣለች፣ ፊት ለፊት። ዝቋላ በቀኝ እጅህ ነው፤ በመጋቢት 5 የአቦ ተሳላሚዎች ወደዚያ ሲያልፉ ከደጅ ይታያሉ። ጅረቱ ከጓሮ ነው፣ እንስራ ሞልተው ሲመለሱ ዳገቱ ያደክማል እንጂ አይገድልም። ሁለት ተራራ፣ አንድ ጅረት፣ አንድ ዳገት። ለመሬት ቀያሽ ይበቃዋል፤ ችግሩ ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ ቆመህ ከአጠገብህ ካለው ሕንጻ በቀር ምንም አለማየትህ ነው።

አክስቴን ይዤ ሄድኩ። እሷን ከሱቅ ደጅ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ጥበቃውን አስፈቅጄ፣ የአንዱን ብሎክ ደረጃ እስከ ላይ ወጣሁ። የልብስ ማስጫ ገመዶቹን አልፌ ስቆም የረር ፊት ለፊቴ ነበር፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ከምጠብቀው በላይ ቅርብ። በቀኝ፣ ከገላን ፋብሪካዎች ጭስ ወዲያ፣ ዝቋላ ጫፉ ቆረጥ ያለ ሆኖ ይታያል። የካርታውን ቅጂ አዙሬ ከሁለቱ ጋር አስተካከልኩ። ጅረቱ ቦይ ሆኗል፣ ግን መንገዱን አልቀየረም። ነጥቦቹ የሚወድቁት በሁለት ብሎኮች መካከል ገና ያልተሠራበት፣ በቆርቆሮ በከፊል የታጠረ ቦታ ላይ ነው።

ወርደን ገባን። እንዶድ አጥሩን ይዞታል፤ አስተናግሩ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ አንድ የጌሾ ቁጥቋጦ የግንባታ ፍርስራሽ ተደፍቶበት ከጎኑ ወጥቷል። እነዚህ ሰው የኖረበትና ከብት ያደረበት አፈር የሚወዱ ተክሎች ናቸው። ልቤ መታ። አክስቴ ግን ዙሪያዋን በከዘራዋ እየነካካች ጥቂት ቆየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄ የእኛ አይደለም። ጌሾ የእነሱ ነው፤ እናቴ ጌሾ ስትገዛ ነው የኖረችው። የእኛ ቤት ያ ነው» አለች በከዘራዋ እያመለከተች። ያመለከተችው የብሎኩን የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ክዳን ነበር። ሁለት ልጆች ላዩ ላይ ቆመው ብይ ይጫወታሉ።

የትራክተሩን ነገር ያነሳሁት እዚያው ነው። አባባ እንደነገሩኝ ነገርኳት፤ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗት እንደነበር አስልቼ፣ ማስታወስ እንዳለባት። አልካደችም።

«አስታውሳለሁ እንጂ። ዶሮዎቹን እኔ ነኝ የያዝኩት።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን በ1978 ትይናለሽ? አባቴን እኮ ውሸታም አስመሰልሽው።»

«አንተ ልጅ፣ ምን ልበልህ? ጭሰኛ ነበርን፣ እንደ ውሻ ውጡ ተባልን ልበል? ደርግ አፈረሰብኝ ማለት ያኮራል፤ አገር ሁሉ ፈርሶበታል። ያኛው የእኛ ብቻ ነው።» ከዘራዋን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «ደግሞ ካሳ ገማቾቹ መጥተው መሬቱን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዛችሁት ሲሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያት አልናቸው። አጎትህ ነው ያለው። አባትህም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያወራዋል?»

አባቴ ዓመተ ምሕረቱን በፋብሪካ መታወቂያው እየደገፈ ሲናገር የኖረውን፣ ትራክተሩን ግን አንድም ቀን ሳይጠራ ያለፈውን ሳስብ፣ እሱም ከእሷ ጋር የተስማማበት ነገር እንደነበር ገባኝ። ሁለቱ የሚከራከሩት በቀኑ ብቻ ነበር።

ለዕድሩ የምሰጠውን የመንደሩን ንድፍ እየሠራሁ መሆኔን፣ ቤቶቹን በነበሩበት ቅደም ተከተል ልመዘግብ እንደምፈልግ ነገርኳት። አባባ አሥራ አንድ ቤት ነው ብለውኝ ነበር። አክስቴ አፏን አጣመመች።

«አሥራ ሦስት ነው። ሁለቱን ባልቴቶች ወንድ ስላልነበራቸው አልቆጠራቸውም። አምጣ እስክሪብቶህን። ከጅረቱ ጀምር፣ እኔ ስናገር አታቋርጠኝ፤ ደግሞ የትኛው ቤት ቀድሞ ተሠራ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።»